ተነሥቶ የሚሄድ ቤት

ቁጭ በሉ እስቲ፤ ጨዋታ አለኝ።

ባለፈው ገረሴ ነበርኩ። ገረሴን የማታውቁ ትኖሩ ይሆናል። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነሥታችሁ ወደ ቦንኬ ደጋ ስትወጡ፣ ሙዙና ማንጎው ወደ ኋላ ቀርቶ እንሰትና ገብስ ሲተካ፣ እናንተም ጃኬት ፍለጋ ሻንጣ ስትከፍቱ፣ ያኔ ደርሳችኋል ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ የቦንኬ ወረዳ ዋና ከተማ ነበረች፤ አሁን ገረሴ ዙሪያ የሚባል ወረዳ በስሟ ይጠራል። ጉም ሲወርድ ከቤት የሚያስወጣ ጉዳይ አይገኝምና ተቀምጠን ሃይታ ቱኬ እንጠጣ ነበር። አዲስ አበቤ አንባቢዬ እንዳይደናገር፣ ይህ የቡናው ፍሬ ሳይሆን ቅጠሉ ነው፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ተፈልቶ ይጠጣል። የመጀመሪያው ጉንጭ ያስነጥሳል። ሦስተኛው ላይ "ይጨመርልኝ" ትላላችሁ።

ከአጠገቤ አንድ ወጣት የአይሲቲ መምህር ተቀምጧል። የተወለደው እዚያው ነው፤ አርባ ምንጭ ተምሮ ተመልሷል። ስልኩን አወጣና ሦስት ስም አሳየኝ፤ ወርድፕረስ፣ ጁምላ፣ ድሩፓል።

"ጋሼ፣ ከሦስቱ የቱን እንያዝ?"

ነገሩ እንዲህ ነው። አርባ ምንጭ፣ ሐዋሳ፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ የከተማዋ ልጆች በቴሌግራም ተሰባስበው "ለገረሴ ድረ ገጽ እንሥራላት" ተባብለዋል። የሽማግሌዎች ታሪክ፣ የድሮ ፎቶ፣ የገበያ ዋጋ፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የድንች ዘርና የአፕል ችግኝ የሚሸጡ ገበሬዎች ስልክ፣ ሁሉም ይግባበት ተብሏል። ኦፕን ሶርስ ይሁን በሚለው ሁሉም ተስማምቷል፤ ነጻ ነዋ! የቱ ኦፕን ሶርስ የሚለው ላይ ግን ግሩፑ ለሦስት ተከፍሎ ሳምንት ሙሉ ሲጨቃጨቅ ከረመ። ውጭ አገር ያለው ልጅ "ድሩፓል ካልሆነ እኔ የለሁበትም" እስከማለት ደርሷል።

እዚህ ላይ ለማያውቁት ላስረዳ፤ የሚያውቁት ስኒያቸውን ያስሞሉ። አንድን ድረ ገጽ እንደ ቤት ብታዩት፣ እንግዳ የሚገባው ሳሎን ነው። ሲኤምኤስ የሚባለው ጓዳው ነው። ኮድ የማያውቅ ጸሐፊ በይለፍ ቃሉ ወደ ጓዳ ይገባል፣ ዜናውን ይጽፋል፣ ፎቶውን ይሰቅላል፣ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ሳሎኑ ላይ ይወጣል። ጓዳ የሌለው ድረ ገጽ አንዲት ፊደል ለማረም እንኳ ፕሮግራመር ያስጠራል። ኦፕን ሶርስ ማለት ደግሞ የዚህ ጓዳ ኮድ ለማንም ክፍት ነው ማለት ነው፤ አውርዳችሁ፣ ፈትታችሁ፣ እንደሚመቻችሁ ሰፍታችሁ፣ መልሳችሁ ለሌላው ልትሰጡ ትችላላችሁ።

ነጻ ስለሚለው ቃል ግን አንድ ነገር ልበላችሁ። ደጋ ላይ ቀርከሃው ከጓሮ በነጻ ይቆረጣል። ቤቱን የሚሠራው ሰው ግን ምሳ ይበላል።

ቀርከሃ ካነሣሁ አይቀር ወደ ጨንቻ በኩል ልውሰዳችሁ። የዶርዜን ቤት አይታችሁታል? ከቀርከሃ የተሸመነ፣ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር የሚደርስ፣ ፊቱ ዝሆን የሚመስል ቤት ነው። ጎብኚ ሁሉ ዝሆኑን ፎቶ አንሥቶ ይሄዳል። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ጠባዩ ነው። ምስጥ ከሥር መብላት ሲጀምር ባለቤቱ ቤቱን አያፈርስም፤ የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፣ ቤቱ ትንሽ ያጥራል፣ ኑሮ ይቀጥላል። ቦታው አልስማማ ሲልም ጎረቤት ይጠራል፤ ቤቱ እንዳለ ከመሬት ተነቅሎ በሰው ትከሻ ወደ አዲሱ ቦታ ይሄዳል። አንዱ ቤት የአንድ ሰው ዕድሜ ያህል የሚቆየው እንዲህ እየሆነ ነው።

ለመምህሩም ያልኩት ይህንኑ ነው። "ሁለት ነገር ጠይቅ። ቤቱ ሲያነሡት ይነሣል ወይ? የሚያነሡት ትከሻዎችስ ቅርብ ናቸው?"

በመጀመሪያው ጥያቄ ሦስቱም ያልፋሉ። ሁለቱማ የተወለዱት ሰው ቤቱን ተሸክሞ ሲወጣ ነው።

ወርድፕረስን እዩት። ከእሱ በፊት ቢ2 የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም ነበር፤ ባለቤቱ ሚሼል ቫልድሪጊ ይባላል። ሰውየው ድንገት ድምፁ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በጥር 2003 ማት ሙለንዌግ የሚባል የ19 ዓመት የቴክሳስ ተማሪ "ባለቤቱ ጠፍቷል፣ ኮዱ ግን ክፍት ነው፤ ለምን ይዘነው አንቀጥልም?" የሚል ሐሳብ አቀረበ። እንግሊዝ አገር ያለ ማይክ ሊትል የሚባል ሰው "እኔ አግዝሃለሁ" አለው። ግንቦት ላይ ወርድፕረስ ወጣ። ያ ኮድ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ንብረት ቢሆን ኖሮ፣ ሚሼል በጠፋ ማግስት ነገሩ ባበቃ ነበር።

ጁምላ ደግሞ የጠብ ልጅ ነው። ማምቦ የሚባል፣ አንድ የአውስትራሊያ ኩባንያ የሚቆጣጠረው ሲኤምኤስ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ኩባንያውና ፕሮግራመሮቹ "ማን ይወስን?" በሚለው ተጣሉ። ፕሮግራመሮቹ ተያይዘው ተነሡ፣ ኮዱን ይዘው ወጡ፣ ስሙን ቀየሩት። በጋሞ የመማከሪያ አደባባይ፣ ዱቡሻ ላይ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ተናግሮ እስኪስማማ ድረስ ፀሐይዋ ብትጠልቅም ይቀመጡ ነበር፤ እነዚያ ግን ትዕግሥቱ አልነበራቸውም። የመረጡት ስም ከስዋሂሊው "ጁምላ" የመጣ ሲሆን "ሁላችንም ባንድነት" እንደማለት ነው። ቃሉ መነሻው ዐረብኛ ነው፤ እኛም ጋ ደርሷል። መርካቶ ስትገቡ "ጅምላና ችርቻሮ" የሚለው ታፔላ ላይ ያለው ጅምላ ይኸው ራሱ ነው። ይህን ስነግረው መምህሩ ሳቀ፤ ለአንድ አፍታም ድምፁን ለጁምላ ሊሰጥ ነበር።

የድሩፓል ታሪክ ለገረሴ ልጅ ይበልጥ ይጥማል። ቤልጂየም፣ አንትወርፕ ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. 2000። ስምንት የዶርም ተማሪዎች የአንዱን ልጅ ኢንተርኔት በገመድ አልባ ተካፍለው ይጠቀማሉ። (የአርባ ምንጭ ተማሪ ሆትስፖት እንደሚለምነው ማለት ነው።) ከመካከላቸው ድሪስ ቦይታርት የሚባለው፣ ኔትወርኩ መኖር አለመኖሩን እና እራት የት እንደሚበላ የሚነጋገሩበት ትንሽ ገጽ ሠራ። ተመርቆ ሲወጣ ገጹን ወደ ኢንተርኔት ሊያወጣው "ዶርፕ" የሚል ስም ሊያስመዘግብ ፈለገ፤ በእነሱ ቋንቋ መንደር ማለት ነው። ሲጽፍ ሁለት ፊደል ተገላበጠበትና "ድሮፕ" ሆነ፤ በእንግሊዝኛ ጠብታ። ወዶት ተወው። እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ኮዱን ለሁሉም ሲከፍተው ጠብታ የሚለውን የደች ቃል አጣምሞ ድሩፓል አለው። መንደር ሊባል የነበረ ፕሮግራም በፊደል ስሕተት ጠብታ ሆኖ ቀረ። ይኸው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካን ቤተ መንግሥት ድረ ገጽ ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ቤተ መንግሥቱ ወደ ወርድፕረስ ዞረ። እነሱም ቤት ያነሣሉ።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል፤ ትከሻው። ክርክሩ ሁሉ የሚያልቀው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰዎች ግን የሚያፈጡት የገጽታዎች ዝርዝር ላይ ነው። ሦስቱም በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ፣ ዳታቤዛቸውም በአብዛኛው ማይኤስኪውኤል ነው። ሦስቱም የገረሴን ድረ ገጽ ያለ ችግር ይሸከማሉ። ልዩነቱ ሌሊት ላይ ሲበላሽ የምትደውሉለት ሰው ነው። በዓለም ካሉት ድረ ገጾች ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወርድፕረስ ናቸው። ጁምላ ከሁለት በመቶ በታች፣ ድሩፓል አንድ በመቶ አካባቢ ነው። ቁጥሩ ስለ ጥራት ምንም አይነግረንም፤ ስለ ጎረቤት ብዛት ግን ይነግረናል።

እናንተው ፈትኑት። አርባ ምንጭ ውረዱና ሲቀላ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች አንዱ ገብታችሁ "ወርድፕረስ የሚያውቅ ልጅ አለ?" በሉ። ቀጥላችሁ "ድሩፓልስ?" በሉ። መልሱን ከእኔ አትጠብቁ። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ የተጀመረው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው ተቋም ከተማዋ ውስጥ አለ፤ የኮምፒውተር ተማሪው ቢያንስ ፒኤችፒን በስሙ ያውቀዋል። ውጭ አገር ያለው ልጃችን ድሩፓልን እንደ እጁ መዳፍ ሊያውቀው ይችላል፤ አልጠራጠርም። ግን እሱ ሲተኛ ገረሴ ትነቃለች። ቤቱ ሲዘም ለመደገፍ የሚመጣው ደግሞ እዚያው የነቃው ነው።

ይህን የምለው ተቃጥዬ ነው። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ ማኅበር ኮሚቴ አባል ነበርኩ፤ ስሙን አልጠራም። ድረ ገጽ ማሠራት ፈለግን። አንድ ጎበዝ ልጅ መጣ። "ወርድፕረስ የሰነፍ ነው፤ እኔ ከዜሮ ጀምሬ የራሳችሁን ሲኤምኤስ እጽፍላችኋለሁ" አለን። እንዴት ደስ አለን መሰላችሁ! የራሳችን! ጥሩ ብር ከፈልን። እውነት ለመናገር ያማረ ነገር ሠራ። ከዓመት ተኩል በኋላ ውጭ አገር ሄደ። የሊቀ መንበሩን ስም ለመቀየር ፈለግን፣ ጓዳው የት እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። ኮዱን ለሦስት ባለሙያ አሳየን፤ ሦስቱም "ከምናስተካክለው እንደ አዲስ ብንሠራው ይቀለናል" አሉ። የቀድሞው ሊቀ መንበር ካረፉ በኋላም ድረ ገጹ ላይ "የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት" ሲያስተላልፉ ከረሙ። በመጨረሻ የዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ መጠሪያ አድራሻ፣ ክፍያ አለፈበት፤ ለካ የተመዘገበው በልጁ ስምና በልጁ ኢሜይል ኖሯል። የማኅበራችን ድረ ገጽ ሲከፈት የስፖርት ውርርድ ይወጣ ጀመር። ልጁ ሌባ አልነበረም። እኛ ነን ቤት ስናሠራ ማን ያነሣዋል ብለን ያልጠየቅነው።

ተረቱ ምላሴ ላይ መጥቷል፤ ድርና አንበሳ ያለበትን ማለቴ ነው። ከእኔ በፊት ስንቱ ተናጋሪ በየስብሰባው ጠቅሶት ስለጨረሰው ልለፈው። ግን "ድረ ገጽ" ውስጥ ያለው ድር ሸማኔው የሚወጥረው ድር መሆኑን ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ሽሮ ሜዳ ቁጭ ብሎ ድሩን የሚያደራው የጋሞ ሰው ከሁላችንም በፊት የድር ባለሙያ ነበር።

ወደ ፊደላችን ልምጣ። የሦስቱ ስም ክርክር የማያነሣቸው፣ አማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ብቻ የሚወጡ ጣጣዎች አሉ።

አንደኛው የጽሕፈት ቤት ፋይል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት፣ መሥሪያ ቤቶቻችን ሲጽፉ የኖሩት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ነው። እነዚያ የድሮ ፎንቶች ኮምፒውተሩን ያታልሉት ነበር፤ እሱ የላቲን ፊደል ያስቀምጣል፣ ፎንቱ ግዕዝ አስመስሎ ያሳየናል። ያን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ የትኛውም ሲኤምኤስ ላይ ብትለጥፉት ጭምብሉ ይወልቃል፤ የአገር ሽማግሌ ታሪክ ወደ ኮማና ሰረዝ ክምር ይለወጣል። የገረሴ ልጆች የድሮ ሰነድ መሰብሰብ ካሰቡ፣ ወደ ዩኒኮድ የመቀየር ሥራው ሲኤምኤስ ከመምረጡ በላይ ላብ እንደሚያስጨርስ ከአሁኑ ይወቁት።

ሁለተኛው የአድራሻው ነገር ነው። ወርድፕረስ የጽሑፋችሁን ርእስ ወስዶ የገጹ አድራሻ ያደርገዋል። ርእሱ አማርኛ ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ወደሆነ የፐርሰንትና የቁጥር ሰንሰለት ይቀየራል። "ገረሴ" ሦስት ፊደል ናት፤ ቴሌግራም ላይ ሊንኩን ስትለጥፉ 27 ምልክት ሆና ልትዘረጋ ትችላለች። ወርድፕረስ ለዚህ አድራሻ የመደበው ቦታ 200 ምልክት ስለሆነ፣ ርእሳችሁ 22 ፊደል ላይ ሲደርስ ይቆረጣል። ጁምላ ደግሞ ዩኒኮድ አድራሻ ካልፈቀዳችሁለት ግዕዙን ጭራሽ አያየውም፤ ርእሱን ጥሎ የዕለቱን ቀንና ሰዓት በቁጥር ይተካበታል። ድሩፓል እዚህ ላይ ጨዋ ነው፤ ፓትኦቶ የሚባለውን ተጨማሪ ከሰጣችሁት ፊደሉን በላቲን ድምፁ ገልብጦ አጭር አድራሻ ያወጣል። ወርድፕረስ ከያዛችሁ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከማተማችሁ በፊት አድራሻውን በእጃችሁ በላቲን ጻፉ። ይህን ልማድ ለጸሐፊው ከመጀመሪያው ቀን ካላስተማራችሁት ግን ኋላ አይለምደውም።

ፍለጋውስ? "ዓመት" ብሎ የጻፈውን "አመት" ብሎ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ሥራና ስራ፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ሐዋሳና ሀዋሳ፣ ለማሽኑ የማይተዋወቁ ቃላት ናቸው። ሦስቱም ሲኤምኤሶች እንደመጡ ይህን አያውቁም። ሁለት መንገድ አለ፤ ወይ አንድ ልጅ ሞክሼ ፊደሎቹን የሚያቀራርብ ጥቂት መስመር ኮድ ይጽፋል፣ ወይ ጸሐፊዎቹ ባንድ አጻጻፍ ይስማማሉ። ሁለተኛው ሺህ ዓመት የፈጀና ያልተሳካ ስለሆነ የመጀመሪያውን እመክራለሁ።

ቀኑም አለ። መስከረም 1 ቀን 2018 ያወጣችሁትን የአዲስ ዓመት መልእክት ድረ ገጹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ብሎ ያትመዋል። የዮ ማስቀላን በዓል ዝግጅት በፈረንጅ ቀን ለገረሴ ሰው የሚያስታውቅ ድረ ገጽ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እንግዳ ነው። ቀኑን መቀየር ለፕሮግራመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ አስቀድማችሁ ግን ጠይቁ።

ሞገደኛው ጥያቄ የቋንቋው ነው። የገረሴ ድረ ገጽ በጋሞኛ ካልተናገረ የማን ነው? ጋሞኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛው በግዕዝ። ለውጭ ወዳጅ ደግሞ እንግሊዝኛ። ሦስት ቋንቋ፣ ሁለት ፊደል። ድሩፓል ከስምንተኛው እትሙ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ቋንቋ ማብዛትን በሆዱ ይዞት ይወለዳል፤ ጋሞኛ ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖር እንኳ ዓለም አቀፍ መለያውን፣ ጂኤምቪን፣ ሰጥታችሁ ልትጨምሩት ትችላላችሁ። ጁምላም እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ይህን ችሏል። ወርድፕረስ በራሱ አይችልም፤ እንደ ፖሊላንግ ያለ ፕለግኢን፣ ማለትም ተጨማሪ ክፍል፣ ይጫንለታል። ውጭ አገር ያለው ልጅ ትልቁ ነጥቡ ይህ ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ነጥቡን ሰጥቼዋለሁ።

ብቻ ቋንቋዎቹን አንድ ገጽ ላይ አደባልቃችሁ እንዳትቀቅሏቸው። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ አዋሕዶ "ወጋጎዳ" የሚል መጽሐፍ ማሳተም በ1992 ዓ.ም. ሶዶ ላይ ሰው እስከመግደል የደረሰ ረብሻ አስነሥቷል። ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን በር ስጡት። በአንዱ ቋንቋ ጽሑፍ ከሌለ በሩ ባዶ ይሁን፤ በጉግል ትርጉም አትሙሉት።

አሁን ጉሙ እየገፈፈ ነው፤ ኔትወርኩም ብልጭ አለ። እሱን ላንሣ። ድሩፓልን በአግባቡ መጫንና ማደስ ከፈለጋችሁ ኮምፖዘር የሚባል መሣሪያ ብዙ ትንንሽ ጥቅሎችን ከኢንተርኔት እየለቀመ ያወርዳል። ኔትወርኩ መሐል ላይ ሲቆረጥ ኮምፖዘርም መሐል ላይ ይቆማል፤ እናንተም ትእዛዙን እንደገና ታስጀምራላችሁ። ወርድፕረስ ከ30 ሜጋባይት በታች የሆነች አንድ የታሸገች ፋይል ናት። መምህሩ አርባ ምንጭ ሲወርድ በፍላሽ ይዟት ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ላይ ዋምፕ ሰርቨር የሚባል ፕሮግራም ይጭናል፣ ያለ አንዲት ሳንቲም ኢንተርኔት ድረ ገጹ ላብራቶሪው ውስጥ ይከፈታል፤ ተማሪዎቹ በውስጥ ኔትወርክ ገብተው ይጽፋሉ፣ ይሳሳታሉ፣ ያርማሉ። የተጨረሰው ነገር አንድ ጥሩ ሌሊት ተመርጦ ወደ ሆስቲንጉ፣ ድረ ገጹ ወደሚያርፍበት ሰርቨር፣ ይወጣል። መብራት ከሄደ ደግሞ ወርድፕረስ የስልክ መተግበሪያ አለው፤ ጽሑፉን ስልክ ላይ ጽፎ ኔትወርክ ሲመጣ መልቀቅ ይቻላል። ይህችን ስነግረው የመምህሩ ፊት በራ። እኔ ራሴ ውሳኔዬን የጨረስኩት እዚህች ላይ ነው።

"ሲኤምኤስ ምን ያደርጋል፣ ቴሌግራም አለ አይደል?" የሚለኝ አይጠፋም። ቴሌግራም ለዛሬ ዜና ጥሩ ነው። የ1970ዎቹን የገረሴ ገበያ ፎቶ ከሦስት ዓመት በኋላ ቴሌግራም ላይ ፈልጋችሁ አግኙና እንነጋገር።

ወርድፕረስን አመሰገንኩ እንጂ እንከኑን አልደብቅም። ምስጡ ፕለግኢን ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ነጻ ፕለግኢኖች አሉ፤ ጀማሪ ሁሉ ገበያ እንደገባ ሕፃን ያየውን ይሰበስባል። አርባ ፕለግኢን የጫነ ድረ ገጽ አይቻለሁ፤ ከነዚያ መሐል አንዱ በረዶ የሚያዘንብ ነበር። እያንዳንዱ ፕለግኢን አፕዴት ካልተደረገ የተከፈተ መስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፓናማ ሰነዶች የወጡበት የሞሳክ ፎንሴካ የሕግ ድርጅት ትዝ ይላችኋል? የደኅንነት ባለሙያዎች ድረ ገጹን ሲያዩት ወርድፕረሱ ላይ ያረጀ የፎቶ ማንሸራተቻ ፕለግኢን፣ ለደንበኞች በከፈተው ገጽ ላይም ያልታደሰ ድሩፓል ነበር። የሀብታሞቹን ምሥጢር የሚጠብቀው በር እንዲህ ነበር። ሦስቱም ሲኤምኤሶች ሰነፍ ባለቤት አይወዱም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ የተሰረቀ ቴም ነው። የሚከፈልበትን ዲዛይን አንዱ ሰብሮ በነጻ ይለቀዋል፤ ውስጡ የኋላ በር ሰፍቶበት። "በአሥር ሺህ ብር ከዜሮ ሠራሁላችሁ" ተብሎ የሚረከቡት ስንት ድረ ገጽ ውስጡ ቢከፈት እንዲህ ያለው ነው። ነጻውና ሕጋዊው ቴም ይበቃችኋል። ስልክ ላይ ቶሎ የሚከፈት ቀላል ይሁን፤ የግዕዙ ፎንት ኖቶ ወይም አቢሲኒካ ይሁን፤ የመስመሩ ክፍተት ሰፋ ይበል፣ ፊደላችን ራስና እግር አለው።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ያ የ19 ዓመት ልጅ፣ ማት ሙለንዌግ፣ አሁን የትልቅ ኩባንያ ኃላፊ ሆኖ፣ ደብሊውፒ ኢንጅን ከሚባል የሆስቲንግ ድርጅት ጋር ተጣላ። የድርጅቱን ደንበኞች ፕለግኢን ከሚያድሱበት ማዕከል ቆረጣቸው። ነገሩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በታኅሣሥ ወር ፍርድ ቤቱ መዳረሻውን መልስ አለው። አንድ ሰው ያን ያህል ቁልፍ መያዙ ብዙዎችን አስደንግጧል፤ እኔም አልወደድኩትም። ድሩፓልም የራሱ ኃጢአት አለው። ከሰባተኛው እትም ወደ ስምንተኛው መሻገር ቤት ማንሣት ሳይሆን አዲስ ቤት መሥራት ነበር፤ ብዙዎች አቅቷቸው እዚያው ቀሩ። ሰባተኛው እትም ጥገናው የቆመው ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፣ ገና ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው። ከዚያ ወዲህ በድሩፓል 7 ላይ የተቀመጣችሁ መሥሪያ ቤቶች ካላችሁ፣ ምስጡ ከሥር ነው።

ድሩፓልን አትንኩት ማለቴ አይደለም። ነገ የጋሞ ዞን ወረዳዎቹን ሁሉ ባንድ ድረ ገጽ ሊያሰባስብ ቢነሣ፣ አንዱ ወረዳ የሌላውን እንዳይነካ፣ ኃላፊው ሳያጸድቅ እንዳይታተም፣ በሁለት በሦስት ቋንቋ እንዲሆን ቢፈልግ፣ ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያም ቢቀጥር፣ ድሩፓል ይሁን እላለሁ። ጁምላን የለመደ ልጅ እጃችሁ ላይ ካለም አትግፉት፤ እሱ የሚያውቀው ይበልጣል።

ለገረሴ ግን ወርድፕረስ ነው። ፕለግኢኖቹ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ፣ አድራሻው በላቲን፣ ባክአፑ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ በየወሩ ፍላሽ ላይ ተገልብጦ አንዱ ገረሴ፣ ሌላው አርባ ምንጭ የሚቀመጥ። መምህሩ ይህን በቴሌግራም ለግሩፑ ጻፈ። ውጭ አገር ያለው ልጅ ከሦስት ሰዓት በኋላ መለሰ፦ "እሺ። ዶሜኑን ግን በማን ስም እናስመዝግበው?"

ከሁላችንም የተሻለውን ጥያቄ የጠየቀው እሱ ሆኖ ተገኘ። እናንተም ነገ ቢሮ ስትገቡ ይህችኑ ጠይቁልኝ፤ የመሥሪያ ቤታችሁ ድረ ገጽ ዶሜን በማን ስም ነው? የይለፍ ቃሉንስ ከአንድ ሰው በላይ ያውቀዋል?